ቀዩን ቀለም ቀይ አድርጎ የሚያሳይ ኮምፒውተር

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ ብራና ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ 1832 የሚል ቁጥር ሰጥቶታል፤ የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል ይገኛል። ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነው። ፊደሉን ለሚያነብ ይበቃል፤ የቀይ ቀለሙንና የሥዕሉን ኅብር ለሚፈልግ ግን አይሆንም።

ዛሬ የአባቶችን ፈቃድ ያገኘ ሰው ያንን ኅብር በመካከለኛ ካሜራ ማንሳት ይችላል። ጭንቁ ፎቶውን የሚያርምበት ኮምፒውተር ነው። ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የሚወደስላችሁ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ነው። እኔ ግን በትንሽ ገንዘብ የሚጀምር ሰው ዓይኑ የሚያይበትንና ኋላ ሊለውጠው የማይችለውን ያስቀድም እላለሁ፤ ሌላው ይደርሳል።

እስቲ እናስላው። የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ 24 ሚሊዮን ነጥብ አለው። እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቀለም፣ እያንዳንዱ ቀለም ሁለት ባይት ሲይዝ፣ አንድ ገጽ ሲከፈት ብቻ 144 ሜጋባይት ራም ይወስዳል። እርማቱ በተደራረበ ቁጥር ይህ ይባዛል። 8 ጊጋባይት ራም ቶሎ ይታነቃል፤ 16 መነሻ ነው። ሁለት ባለ 8 ከመግዛት አንድ ባለ 16 ገዝቶ ሌላውን ቦታ ባዶ መተው ይሻላል። ፍጥነቱ ጥቂት ይቀንሳል፤ ነገ 32 ለማድረስ ግን የሚጣል ነገር አይኖርም።

ማከማቻውም እንዲሁ ነው። ካሜራው የሚሰጠው ጥሬ ፋይል ወደ 30 ሜጋባይት ቢሆን፣ 400 ገጽ 12 ጊጋባይት ይሆናል፤ ታርሞ በቲፍ ሲቀመጥ ደግሞ ወደ 58 ይጨመርበታል። አንድ መጽሐፍ ብቻ 70 ጊጋባይት! ስለዚህ ለሥራው ትንሽ ኤስኤስዲ፣ ለማስቀመጫው ትልቅ ሃርድ ዲስክ፣ ከዚያም ሌላ ቤት የሚቀመጥ፣ ለምሳሌ ደሴ ዘመድ ጋ፣ ሁለተኛ ቅጂ ያስፈልጋል።

ርካሹ መንገድ ከውጭ የሚገባ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ። ወጥመዱ ቀጭኑ ሞዴል ላይ ነው። አጭር ካርድ እንጂ ሙሉ ካርድ አይቀበልም፤ ፓወር ሰፕላዩም የራሱ ቅርጽ ስላለው ሲቃጠል ከየሱቁ አይገኝም። ታወሩን ፈልጉ፤ እሱም ቢሆን የፓወር ሰፕላዩ መሰኪያ ከተለመደው ሊለይ ስለሚችል ከፍታችሁ እዩት። ከኢንቴል 8ኛው ትውልድ በታች አትውረዱ፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከዚያ ጀምሮ ነው፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍም በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ከባዶ ለሚገጣጥም የኤኤምዲ ኤኤም4 ማዘርቦርድና ራይዘን 5 5600ጂ ይመቻሉ። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ካርዱን ለጊዜው ያስቀራል።

ከዚህ የሚተርፈው ብር ወደ ሞኒተሩ ይሂድ። ርካሹ የቲኤን ሞኒተር አንገት ሲዘነብል ቀለሙ ይለወጣል፤ ብራናው አንዴ ቢጫ፣ አንዴ ግራጫ ይመስላል። አይፒኤስ የሚባለው፣ ኤስአርጂቢ የተባለውን የቀለም ክልል ሙሉ በሙሉ የሚያሳየው፣ ይህ ችግር ብዙም የለበትም። ለመስኮት ፊቱን እንዳይሰጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ፎቶው ሲነሳም ከገጹ አጠገብ የቀለም ካርድ ይቀመጥ፤ ያኔ ቀዩ ምን ያህል ቀይ እንደነበር በግምት ሳይሆን በቁጥር ይታረማል።

ላፕቶፕ ባትሪ አለው የሚል ክርክር ይነሳል፤ እውነት ነው። ግን የብዙዎቹ ራም ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ለዴስክቶፑ ዩፒኤስ ይገዛለታል። ስታቢላይዘር አይተካውም፤ እሱ የሚወጣና የሚወርደውን መብራት ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ትንሽ ኃይል ስለሚበላ፣ ትንሽ ዩፒኤስም ፋይሉን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚሆን ደቂቃ ይሰጣል።

ሶፍትዌሩ ክፍያ አይጠይቅም፦ ዳርክቴብል፣ ሮውቴራፒ፣ ጊምፕ። ዳርክቴብል ግራፊክስ ካርድ ሲያገኝ ይፈጥናል፤ ባዶ የተተወው የካርድ ቦታ ሥራ የሚያገኘው ያኔ፣ መጽሐፉ ሁለትና ሦስት ሲሆን ነው።