የመኝታ ቤት መስታወት ሲገዙ

በስካይዌይ የምንኖር ወገኖች ቤት ስንቀይር፣ አልጋው ከተዘረጋ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ መስታወት ነው። ሬንተን ያለው አይኪያ ከ1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጎረቤታችን ስለሆነ ምርጫ አይቸግርም። የሚቸግረው መጠኑና አሰቃቀሉ ነው።

ብዙዎቻችን ሙሉ ቁመትን ለማየት ቁመታችንን የሚያህል መስታወት የግድ ይመስለናል። ግማሹ ይበቃል! 1 ሜትር ከ70 የሆነች እህት፣ የላይኛው ጠርዝ ከዓይኗ ጥቂት ከፍ ብሎ የተሰቀለ የ85 ሳንቲ ሜትር መስታወት ከነጠላዋ እስከ ጫማዋ ያሳያታል። ብትቀርብም ብትርቅም ለውጥ የለውም። ባልና ሚስት ቁመታቸው ከተለያየ ግን 1 ሜትር ያህሉን ይግዙ፤ አለዚያ አንዱ ራሱን፣ ሌላዋ እግሯን እያጡ ጠዋት ጠዋት ጭቅጭቅ ነው።

ክፈፉ እንደ ምርጫዎ ነው። እኛን ከጠየቁን፣ የወርቅ ቅቡ ለሳሎን ይሁንና ለመኝታ ቤት ከአልጋው እንጨት ጋር የሚስማማው ያምራል።

ከራስጌ በላይ ግን አደራ አይስቀሉ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2001 አካባቢያችንን የመታው የኒስኳሊ የመሬት መንቀጥቀጥ 6.8 ነበር፤ ደግነቱ ረፋድ ላይ ስለነበር ብዙው ሰው ከአልጋው ተነሥቷል። የግድግዳው ጂፕሰም ብቻውን ከባድ መስታወት አይችልም። ከኋላው አብዛኛውን ጊዜ በየ16 ኢንቹ ቋሚ እንጨት አለ፤ በጣት ሲያንኳኩ ባዶ ድምፅ የማይሰጠው ቦታ ነው። ብሎኑ እዚያ ይግባ።

ተከራይ ከሆኑ፣ ከመብሳትዎ በፊት አከራዩን በጽሑፍ ያስፈቅዱ፤ ዲፖዚትዎ እዚያው እንዳይቀር።