ውኃ የሸሻቸው ዓሦች

በጋ ሲጠና ወንዝ እንዴት እንደሚደርቅ ለእናንተ መንገር አይገባንም። ወንዝ በአንድ ቀን አይደርቅም። መጀመሪያ ይቀጥናል፤ ቀጥሎ ይቆራረጣል፤ በመጨረሻም ጥልቅ ጥልቅ ባለው ቦታ ብቻ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ከብት የሚጠጣውም፣ ልብስ የሚታጠበውም ከዚያው ነው።

በዚያ ኩሬ ውስጥ የቀረው ዓሣስ ምን ይሆናል? «ምን ይሆናል? ልጆች ይዘው ጠብሰው ይበሉታል» የሚል ሰው አይጠፋም። ልክ ነው። ዓሣው በየትኛውም ወንዝ የሚገኝ ዓይነት ከሆነ በስብሶ ከሚቀር ቢበላ ይሻላል። ግን በዓለም ላይ ከዚያ ወንዝ በቀር ሌላ ቤት የሌለው ዓሣ ቢሆንስ? ያ ኩሬ የደረቀ ዕለት ዘሩ ከምድር ላይ ይጠፋል። እንደ ጤፍና እንደ ገብስ ከጎረቤት ተበድረው የሚተኩት ዘር አይደለም።

ዛሬ የምናስረዳው እንዲህ ያለውን ዓሣ ሰዎች ከሚደርቅ ውኃ አውጥተው ወደ ሌላ ውኃ እንዴት እንደሚያዛውሩት ነው። ምሳሌዎቹን የወሰድነው ከአሜሪካ ነው። አሜሪካ ሁሉ ለምለም የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለው አገሯ ግን እንደ አፋር ምድር ያለ በረሃ ነው። ዓመተ ምሕረቱን የምንጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ኩሬ ዓሣን የሚገድልበትን ምክንያት እንመልከት። ውኃው ገና ሳያልቅ ዓሣው ይሞታልና ነገሩ ግራ ያጋባል። ዓሣም እንደ እኛ ኦክሲጅን የሚባለው አየር ያስፈልገዋል። የሚያገኘውም በውኃ ውስጥ ከሟሟው ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ብዙ ኦክሲጅን ይይዛል፤ ሙቅ ውኃ ግን ጥቂት ነው የሚይዘው። ሙቀቱ 10 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውኃ 11 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሊይዝ ይችላል። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ግን ከ7 ተኩል ብዙም አያልፍም። እንግዲህ ኩሬው ጠበበ፤ ፀሐይ አሞቀው፤ ዓሦቹ ደግሞ በአንድ ቦታ ተፋፈጉ። አየሩ ሲያንስ ተንፋሹ በዛ ማለት ነው። በዚያ ላይ የገዛ ቆሻሻቸው ውኃውን ይመርዘዋል። በጠባብ ጎጆ ውስጥ ብዙ ሰው በር ዘግቶ፣ እሳት አንድዶ እንደማደር ነው።

ሁሉም ዓሣ እኩል አይጎዳም። አምባዛን የምታውቁ ታውቃላችሁ። አምባዛ ከውኃው በላይ ብቅ ብሎ አየር መተንፈስ ስለሚችል በጭቃ ውስጥ እንኳ ብዙ ይቆያል። ሌላው ዓሣ ይህን አይችልም፤ አፉን ወደ ላይ እያነሣ ሲያዛጋ ይታይና ወዲያው በጎኑ ይንሳፈፋል። ከዚያም ወፎች ይለቃቅሙታል።

አሁን ወደ አንዲት ትንሽ ዓሣ እንሂድ። ሪዮ ግራንዴ የሚባል ወንዝ አለ። በስፓኒሽ ቋንቋ «ታላቁ ወንዝ» ማለት ነው። ከኮሎራዶ ተራሮች ተነሥቶ ኒው ሜክሲኮን አቋርጦ፣ በአሜሪካና በሜክሲኮ መካከል ድንበር ሆኖ ባሕር ይገባል። ርዝመቱ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ወንዝ ውስጥ ሲልቨሪ ሚኖው የምትባል ዓሣ ትኖራለች። እኛ ብርማ ዓሣ እንበላት። ከጣት አትበልጥም፤ ትልቋ 9 ሳንቲ ሜትር ብትደርስ ነው። ዕድሜዋም በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ክፉ ዓመት ከተከታተለባት አለቀላት።

ድሮ ብርማዋ ዓሣ ከኒው ሜክሲኮ ሰሜን ጀምሮ እስከ ባሕሩ ድረስ ሞልታ ነበር። ዛሬ በተፈጥሮ የቀረችው ኮቺቲ በሚባለው ግድብና ኤለፋንት ቢዩት በሚባለው የግድብ ሐይቅ መካከል ነው። ይህም ከቀድሞ አገሯ ከመቶ 7 እጅ ያህሉ ብቻ ነው። በ1986 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ሊጠፉ ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ አስገባት።

ለምን እንዲህ ሆነች? ዋናው ነገር ውኃው ነው። የወንዙ ዳር ገበሬዎች ውኃውን በቦይ እየጠለፉ ለከብት መኖ የሚሆነውን አልፋልፋ ያጠጣሉ። በርበሬም ያመርታሉ፤ የኒው ሜክሲኮ በርበሬ ስመ ጥር ነው። በረዶ ከተራራው ሳይበዛ የቀረ ዓመት ውኃው ለማሳውም ለወንዙም አይበቃም። ሁለተኛው ምክንያት ዕንቁላሏ ነው። ብርማዋ ዓሣ በፀደይ በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሲሞላ ዕንቁላሏን ትጥላለች። ዕንቁላሉ ከወንዙ ወለል ላይ አይጣበቅም፤ ከውኃው ጋር እየተንከባለለ ይወርዳል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል። የተፈለፈሉት ወደ ታች ወርደው ያድጋሉ። ቀድሞ አድገው ወደ ላይ ይመለሱ ነበር። አሁን ግን መንገዱን ግድብ ዘጋው። የሚደርቀውም በአብዛኛው ይኸው የታችኛው ክፍል ነው። ወጥመድ አይደለም ትላላችሁ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። በዚህ ጉዳይ ገበሬውን ጠላት አድርገው የሚናገሩ ሰዎች አሉ፤ እኛ በዚህ አንስማማም። ገበሬው ማሳው ሲደርቅ ቆሞ አያይም። ክርክሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ለዓመታት አጨቃጭቋል።

ወንዙ መቆራረጥ ሲጀምር የዓሣ ባለሙያዎች ይወጣሉ። በእግርና በአሸዋ ላይ በሚሄድ ትንሽ ተሽከርካሪ ሆነው የደረቀውን ወንዝ እየተከተሉ ኩሬ በኩሬ ይፈልጋሉ። ሁለት ሰዎች አንድ መረብ ግራና ቀኝ ይዘው ኩሬውን ከዳር እስከ ዳር ይጎትቱታል። መረቡ ወደ ዳር ሲወጣ ከጭቃውና ከሣሩ መካከል ብርማዋን ለይተው በባልዲ ውኃ ውስጥ ይጨምሯታል። ከባልዲው ወደ ትልቅ የውኃ ታንክ ትዛወራለች። በታንኩ ውስጥ ከብረት ጋን በቀጭን ቱቦ ኦክሲጅን ይገባል። ጥቂት ጨውም ይጨመራል። ጨው ለምን? የተጨነቀ ዓሣ ከሰውነቱ ጨው ስለሚያልቅበት ነው።

ከዚያ ውኃ ወዳላቋረጠበት የወንዙ ክፍል ይወስዷታል። እንደ ደረሱ ግን ባልዲውን ገልብጠው አይደፉም። መጀመሪያ የሁለቱን ውኃ ሙቀት ይለካሉ። ከዚያም የአዲሱን ውኃ ጥቂት በጥቂት እየቀላቀሉ ያለማምዷታል። ሙቀት በድንገት ሲለዋወጥ ዓሣ ይደነግጣል፤ ብዙ ጊዜም ይሞታል። ሩቅ መንገድ ተጉዞ የዳነ ዓሣ በመጨረሻዋ ደቂቃ በችኮላ ሊሞት ይችላል ማለት ነው።

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ድርቁ ጠንክሮ ወንዙ አልበከርኪ በሚባለው ትልቅ ከተማ ውስጥ ሳይቀር ደረቀ። በዚያ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ በ40 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። ባለሙያዎቹ ያን ጊዜም መረብና ባልዲ ይዘው ወንዙ ውስጥ ገቡ።

ታዲያ የወጣችው ሁሉ ትድናለች? አትድንም። ባለሙያዎቹ ራሳቸው አጥንተው እንደ ጻፉት ከኩሬ ተለቅመው ከተዛወሩት ብዙዎቹ በኋላ ይሞታሉ። በኩሬው ውስጥ ሙቀቱና መፋፈጉ አስቀድሞ አድክሟቸዋልና። ስለዚህ ዓሣው ማዛጋት ከጀመረ በኋላ ከመድረስ ወንዙ ሊቆረጥ ሲል መድረስ ይሻላል። ከዚያም የሚሻለው ጥቂት ውኃ ከግድብ ለቅቆ ወንዙን አለማድረቅ ነው። ባልዲ የመጨረሻ መድኃኒት ነው እንጂ የመጀመሪያ አይደለም።

ዓሣን በደረቅ የሚያስቀረው ድርቅ ብቻ አይደለም፤ ጎርፍም ያስቀራል። ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ ዓሣ አብሮ ይወጣል። በሜዳው ላይ ውኃው ዝግ ያለ ነው፤ ምግብም አይጠፋም፤ ለጫጩት ዓሣ እንደ ጓሮ ነው። ችግሩ ሲመለስ ነው። ውኃው በድንገት ከጎደለ ዓሣው በጉድጓድና በቦይ ውስጥ ይቀራል። በፎገራ ሜዳ የምትኖሩ ይህን በዓይናችሁ ታያላችሁ። በሪዮ ግራንዴም ግድብ ጠባቂዎች ሲሞላ የለቀቁትን ውኃ በአንድ ጊዜ አይዘጉትም፤ ዓሣው መውጫ እንዲያገኝ ቀስ በቀስ ይቀንሱታል። በዚያም ሆኖ የቀረውን በመረብ ይለቅሙታል።

የጣናን ነገር ካነሣን አይቀር፣ በጣና ሐይቅ ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ10 የሚበልጡ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ያሉ ወንዞች ወጥተው ነው የሚራቡት። ወንዙ ከጎደለና አፉ ላይ መረብ ከተዘረጋ መንገዳቸው ተዘጋ ማለት ነው።

ከዓሣ ማዳን ታሪክ ሁሉ የሚነገረው የአንዲት ሌላ ዓሣ ታሪክ ነው። በካሊፎርኒያ ኦወንስ የሚባል ሸለቆ አለ። የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ፓዩቶች፣ አውራ ጣት የምታክል ዓሣ ከረግረጉ እየጨለፉ፣ አድርቀው ለብርድ ወራት ስንቅ ያደርጓት ነበር። በ1906 ዓ.ም. የሎስ አንጀለስ ከተማ የሸለቆውን ውኃ በረጅም ቦይ ወሰደችው። ረግረጉ ጠፋ። በዚያ ላይ ለስፖርት አጥማጆች ተብሎ ትላልቅ ዓሣ በሊታ ዓሦች ከሌላ አገር መጥተው ተለቀቁ። ትንሿ ዓሣ የተበላችው ተበልታ፣ የደረቀችው ደርቃ አለቀች ተባለ። በ1956 ዓ.ም. ግን ፊሽ ስሉ በሚባል ረግረግ ውስጥ ጥቂቶች ተገኙ። በዓለም ላይ የቀሩት እነዚያ ብቻ ነበሩ።

በ1961 ዓ.ም. በዚያ አገር ክረምቱ ከባድ ነበር። በዚህ የተነሣ ፊላና ቄጤማ በረግረጉ በዛ። በጋው ሲመጣ ተክሉ ውኃውን መጠጠው፤ ምንጩም ቀነሰ። ነሐሴ 12 ቀን ፊል ፒስተር የተባለው የካሊፎርኒያ የዓሣ ባለሙያ ኩሬው እየደረቀ መሆኑን ሰማ። ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ባልዲና መረብ ይዞ ሮጠ። 800 ያህል ዓሦች አውጥተው ውኃ በሚሄድበት ቦታ በሽቦ ወንፊት በተሠራ ቀፎ ውስጥ አስቀመጧቸው። ሌሎቹ ሥራው ያለቀ መስሏቸው ሄዱ። ፒስተር ዞር ብሎ ቢያይ በቀፎው ውስጥ የሞቱ አሉ። ለካ እዚያ ቦታ ውኃው ዘገምተኛ ነበር፤ አየሩ አልበቃቸውም።

ብቻውን ነበር። በሕይወት ያሉትን በሁለት ባልዲ ጨምሮ በመኪና ጫነ። ከዚያም ባልዲዎቹን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ፣ በጨለማ ረግረጉን እየረገጠ፣ ውኃው ወደሚፈስበት ቦታ ወሰዳቸው። እንቅፋት ቢመታው፣ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ፣ የአንድ ዓይነት ፍጥረት ዘር በሙሉ በሣር ላይ ይፈስ ነበር። አልወደቀም። ዓሣይቱ ዛሬም አለች፤ ሰዎች በሚጠብቋቸው ጥቂት ኩሬዎች ተከፋፍላ ትኖራለች። መከፋፈሏ በዕውቀት ነው። ዘርን በአንድ ጎተራ ብቻ የሚያስቀምጥ ገበሬ የለም።

የተራራ ዓሣም ማጓጓዣ ይፈልጋል። በኒው ሜክሲኮ ተራሮች ጊላ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ደን ሲቃጠል፣ ቀጥሎ በሚጥለው ዝናብ አመድ የሞላበት ጎርፍ ጅረቱን ያጠቁረዋል፤ ዓሣውም ታፍኖ ያልቃል። ከ1981 ዓ.ም. ወዲህ ከእሳት በኋላ ጎርፉ ሳይመጣ ዓሣውን እያወጡ ያሸሹታል። አንዳንዴ በሄሊኮፕተር፣ መንገድ በሌለበትም በበቅሎ ጀርባ። በቅሎ ለዚህም ትሆናለች!

ዓሣን ማዛወር ግን እንደ ከብት ከዚህ ጋጣ ወደዚያ ጋጣ መንዳት አይደለም። በኦወንስ ሸለቆ እንዳየነው ከሌላ ቦታ የመጣ ዓሣ የነባሩን ዘር ሊበላው ይችላል። በሽታም አብሮ ይጓዛል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ በሚቻላቸው መጠን ዓሣውን ወደዚያው ወደ ራሱ ወንዝ ነው የሚመልሱት። በመረቡ የገባውን ሌላ ዓሣም በጥንቃቄ ይለያሉ።

ብርማዋን ዓሣ በተመለከተ ሥራው ከድርቁ በፊት ይጀመራል። በፀደይ ወንዙ ሲሞላ ሰዎች ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው በወንፊት የሚንሳፈፈውን ዕንቁላል ይጠልፋሉ። ዕንቁላሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ዶቃ ይመስላል። በማርቢያ ጣቢያ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹ በጋውን በገንዳ ያሳልፋሉ። ሲያድጉ ከቆዳቸው ሥር በጣም ትንሽ የቀለም ምልክት ይደረግባቸዋል። በመኸር ሙቀቱ ሲበርድና የመስኖው ጊዜ ሲያልፍ ወደ ወንዙ ይለቀቃሉ። በሚቀጥለው ዓመት መረብ ሲጎተት ምልክት ያላት ዓሣ ከተገኘች በገንዳ ያደገች ናት፤ ምልክት የሌላት ከሆነች ግን በአብዛኛው እዚያው ወንዙ ውስጥ የተወለደች ናት።