ከፎርማት በፊት

ኮምፒውተር በተደጋጋሚ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ራሱን ሪስታርት ማድረግ ሲጀምር ባለቤቱ ከጓደኛም ከጥገና ቤትም የሚሰማው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ምክሩ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ዊንዶውስ እንደ አዲስ የተጫነበት ማሽን ለቀናት፣ አንዳንዴም ለወራት ደህና ይሠራል። ይሁን እንጂ የእንዲህ ዓይነቱ ብልሽት መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ ራሱ ሳይሆን ከሌላ ድርጅት መጥቶ በውስጡ የተተከለ ድራይቨር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚያሠራ ኮድ፣ ወይም የጥበቃ ሶፍትዌር ነው። ብልሽቱ በተደጋገመ ቁጥርም ማስረጃ ትቶ ያልፋል። ማስረጃውን ሳያዩ ፎርማት ማድረግ ዱካውን ማጥፋት ነው፤ ያው ድራይቨር ተመልሶ ሲጫን ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ሰነዱና ፎቶው ባክአፕ ላልተደረገለት ሰው ደግሞ ለማያዛልቅ መፍትሔ የሚከፈለው ዋጋ ከባድ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከርነል ከሚባለው የሲስተሙ እምብርት መነሳት ያስፈልጋል። ዎርድ ወይም ብራውዘር ሲበላሽ ዊንዶውስ ያንኑ ፕሮግራም ብቻ ዘግቶ ሥራውን ይቀጥላል፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም የተከለለት የሚሞሪ ክልል ስላለው ከዚያ ወጥቶ ሌላውን መንካት አይችልም። አብዛኞቹ ድራይቨሮች የሚሠሩት ግን ከርነል ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ በመካከላቸው አጥር የለም። የዋይፋይ ድራይቨር በተሳሳተ አድራሻ ላይ ቢጽፍ የሚጎዳው የፋይል ሲስተሙ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዊንዶውስ ከርነሉ ውስጥ የማይታረም ስህተት ሲያገኝ ማሽኑን በሙሉ ያቆመዋል። ሰማያዊው ስክሪን ቢያስደነግጥም የተሠራው ዳታን ከባሰ ጥፋት ለማዳን ነው። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስዊፍት፣ ብራያን በርሻድና ሄንሪ ሌቪ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት በዊንዶውስ ኤክስፒ ሪፖርት ከተደረጉት ብልሽቶች 85 ከመቶ ያህሉ የድራይቨር እንደሆኑ ይጠቅሳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በዊንዶውስ ቪስታ ጉዳይ በተካሄደ ክርክር ይፋ የወጡ የማይክሮሶፍት ሰነዶችም ድርጅቱ ከመዘገባቸው የቪስታ ብልሽቶች ወደ 29 ከመቶ የሚሆኑት ከግራፊክስ ቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ ድራይቨሮች፣ 18 ከመቶ ገደማ ደግሞ ከማይክሮሶፍት የራሱ ኮድ እንደመጡ አሳይተዋል። እነዚህ አኃዞች የቆዩ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ድራይቨሮች በብዙ ተሻሽለዋል የሚል ተቃውሞ ቢነሳ ትክክል ነው። አቀማመጡ ግን አልተለወጠም፤ ከርነሉ ውስጥ የሚኖረው የውጭ ኮድ ዛሬም ብዙ ነው፣ ስህተቱን መሐል ገብቶ የሚይዝለት ግን የለም።

የጥበቃ ሶፍትዌር በዚህ ረገድ ከተራ ድራይቨር የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። ቫይረስን ፋይሉ ከመከፈቱ በፊት ለመያዝ እያንዳንዱን የፋይል ጥያቄ መንገድ ላይ ቆሞ ማየት አለበት፤ ለዚያም ከርነል ውስጥ የራሱን ማጣሪያ ድራይቨር ይተክላል። ለዘበኛ የሁሉንም ክፍል ቁልፍ እንደመስጠት ነው፤ ካልተሰጠው አይጠብቅም፣ ከተሰጠው ደግሞ ስህተቱ የትም ይገባል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2010 የአንቲቫይረስ ድርጅቱ የማካፊ የቫይረስ መለያ አፕዴት ለዊንዶውስ እጅግ አስፈላጊ የሆነውን «ኤስቪሲሆስት» የተባለ ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ያዘው፤ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 3 የተጫነባቸው ማሽኖች ኔትወርክ አጥተው ደጋግመው ሪስታርት ያደርጉ ጀመር። በጃንዋሪ 2018 ደግሞ ማይክሮሶፍት ሜልትዳውን ለተባለው የፕሮሰሰር ክፍተት መድኃኒት ሲያወጣ አንዳንድ አንቲቫይረሶች ባልተፈቀደ መንገድ የከርነል ሚሞሪን ይነኩ ስለነበር ማሽኖች በሰማያዊ ስክሪን ቆሙ። ድርጅቱም አንቲቫይረሱ ተስማሚ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት የዊንዶውስ ቅንብሮች በሚቀመጡበት ሬጂስትሪ ውስጥ እስኪያስቀምጥ ድረስ አፕዴቱን ለመያዝ ተገደደ።

ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024፣ የደረሰው ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ የጥበቃ ሶፍትዌር አምራቹ ክራውድስትራይክ «ቻናል ፋይል 291» የተባለ ትንሽ ፋይል ለደንበኞቹ ለቀቀ። ከ78 ደቂቃ በኋላ ቢስበውም ማይክሮሶፍት በገመተው መሠረት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖች ወድቀው ነበር። አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ፤ ዴልታ አየር መንገድ ብቻ ወደ 7,000 በረራዎች ሰረዘ። ክራውድስትራይክ ራሱ ባወጣው ምርመራ ምክንያቱ እጅግ ጠባብ ሆኖ ተገኘ፦ አዲሱ ፋይል 21ኛ የግብዓት መስክ ይጠይቃል፣ ማሽኑ ላይ ያለው ኮድ ያቀረበው ግን 20 ብቻ ነበር። ድራይቨሩ የሌለውን 21ኛ ሊያነብ ሲል ከተፈቀደለት ሚሞሪ ውጭ ወጣ። ድራይቨሩ ዊንዶውስ ሲነሳ ገና ከመጀመሪያው የሚጫን ስለሆነ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ይወድቃል፣ በወደቀ ቁጥር ይነሳል። የመፍትሔው ቅለትም ያስገርማል። ማሽኑን መሠረታዊ ድራይቨሮች ብቻ በሚጫኑበት በሴፍ ሞድ አስነስቶ ያንን አንድ ፋይል ማጥፋት በቂ ነበር፤ ፎርማት አላስፈለገም። ግን በየማሽኑ እየሄዱ በእጅ መሥራትን ጠየቀ፤ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ 48 አኃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ቁልፉን የያዘው ሰርቨር ራሱ የወደቀባቸውም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የማካፊ የቴክኖሎጂ ኃላፊ የነበሩት ጆርጅ ከርትዝ በ2024 የክራውድስትራይክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነበሩ። ይህን የማነሳው ሰውየውን ለመክሰስ አይደለም፤ ድርጅቱም ዘመኑም ተቀይሮ አደጋው መደገሙ ችግሩ ከአቀማመጡ እንደሆነ ስለሚጠቁም ነው።

አንድ ግለሰብ ቤቱ ባለው ላፕቶፕ ላይ ይህን ሁሉ እንዴት ይለየው? ማስረጃው በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ሚኒደምፕ» በሚባል ቦታ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሰማያዊ ስክሪን ብዙውን ጊዜ አንድ ትንሽ ፋይል ይጥላል፤ በውስጡ የስህተቱ ኮድ፣ በዚያ ቅጽበት የተጫኑ ድራይቨሮች ዝርዝርና ማን ማንን ሲጠራ እንደነበር የሚያሳይ ቅደም ተከተል አለ። ማሽን «ያጸዳሉ» የሚባሉ ፕሮግራሞች እነዚህን ፋይሎች እንደ ቆሻሻ ይጠርጓቸዋልና በምርመራ ጊዜ ባይነኩ ይሻላል። ፋይሉ ማይክሮሶፍት በነፃ በሚሰጠው ዊንዲቢጂ በሚባል መመርመሪያ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚወጣው ስም የከርነሉ የራሱ ነው። ጀማሪ መርማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ዊንዶውስ ተበላሽቷል» ብሎ ይደመድማል። ከርነሉ ግን ሌላ ድራይቨር የሰጠውን የተሳሳተ አድራሻ ሲጠቀም የተያዘ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ የወጣው እጅ ከፍንጅ ስለተገኘ እንጂ ስላጠፋ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ፋይል ይልቅ አራት አምስቱን ጎን ለጎን ማየት ይበልጣል። በሁሉም ውስጥ ያው የግራፊክስ ወይም የአንቲቫይረስ ድራይቨር ከታየ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ስሙም ኮዱም በየጊዜው ከተለያየ ደግሞ ድራይቨሮችን መክሰስ ትቶ ራሙን መፈተሽ ይገባል፤ የተበላሸ ራም በአጠገቡ ያለፈውን ሁሉ ጥፋተኛ ያስመስላልና።

ተጠርጣሪው ድራይቨር ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ ብልሽቱ ከመጀመሩ በፊት ምን ተለወጠ የሚለው ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የሪላይቢሊቲ ሞኒተር የተጫነውንና የወደቀውን በቀን በቀን አሰልፎ ያሳያል። አዲስ የመጣው ድራይቨር ከሆነ ወደ ቀድሞው መመለስ፣ አሮጌ ከሆነ ከላፕቶፑ አምራች የወጣውን መጫን ነው። ኢንተርኔት በማይበረታበት አካባቢ በፍላሽ ከሚዞር የድራይቨር ጥቅል መጫን የተለመደ ነው፤ ያ ጥቅል ግን ተቀራራቢውን እንጂ የማሽኑን ትክክለኛ ድራይቨር ላይሰጥ ይችላል። ድራይቨር ቬሪፋየር የተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ድራይቨሮችን ሆን ብሎ አስጨንቆ ጥፋተኛውን ያጋልጣል፣ ግን ማሽኑን ራሱ ማስነሳት እስኪያቅት ሊያደርሰው ስለሚችል በሴፍ ሞድ ማጥፋት የማያውቅ ሰው ባይነካው ይሻላል። አንቲቫይረስ ሲጠረጠር ደግሞ ከሰዓቱ አጠገብ ያለውን ምልክት ተጭኖ «ለጊዜው አቁም» ማለት ፈተና አይሆንም። ድራይቨሩ ከርነል ውስጥ እንዳለ ይቀራል፤ ማሽኑ እንደገና ሲወድቅም «አንቲቫይረሱ ጠፍቶ ነበርኮ» ተብሎ በሐሰት ነፃ ይወጣል። በትክክል የሚፈተነው በአምራቹ የማስወገጃ መሣሪያ ሙሉ በሙሉ ሲወገድ ነው። ይህ ማሽኑን ያለ ጥበቃ ያስቀረዋል ለሚል ስጋት፣ በቤት ውስጥ በሚሠራባቸው ዊንዶውስ 10 እና 11 ሌላው አንቲቫይረስ ሲወገድ የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ዲፌንደር ቦታውን ይረከባል።

ይህን ሁሉ ከመድከም ፎርማት ማድረግ አይፈጥንም ወይ የሚል ባለሙያ ይኖራል። ማሽኑ በቫይረስ የተበከለ ከሆነ ወይም የሲስተም ፋይሎቹ የማይጠገኑ ከሆነ አዎ፣ ይፈጥናል። ራሙ ለተበላሸ ማሽን ግን ፎርማት ምንም አይፈይድም፤ ለድራይቨር ችግርም የሚሠራው ያ ድራይቨር እስኪመለስ ድረስ ብቻ ነው። የፋይሎቹ ምርመራ የአንድ ሰዓት ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ጊዜ ፎርማት የተደረገ ላፕቶፕ ከዚያ በላይ ይወስዳል።

የጥበቃ ሶፍትዌሮችን ለምን ከከርነል አያስወጧቸውም የሚለው ጥያቄ ፖለቲካም አለበት። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ከርነሉን የሚነካካ ኮድን መከልከል ሲጀምር የአንቲቫይረስ ድርጅቶቹ ሲማንቴክና ማካፊ ውድድርን ይጎዳል ብለው ተቃወሙ። በ2009 ለአውሮፓ ኮሚሽን በገባው ቃልም ለራሱ የጥበቃ ምርቶች የሚጠቀምበትን በር ለሌሎችም መክፈት ነበረበት። ከክራውድስትራይክ ብልሽት በኋላ ማይክሮሶፍት ይህንኑ ቃል ጠቅሶ ነበር፤ ቃሉ የሚጠይቀው ግን እኩል በር እንጂ የግድ ከርነልን አይደለም። አፕል በ2019 ለጥበቃ ድርጅቶች ከከርነል ውጭ የሆነ መንገድ ከፍቷል። ማይክሮሶፍትም በ2025 ተመሳሳይ መድረክ ከአንቲቫይረስ ድርጅቶች ጋር መሞከር ጀመረ፤ መነሳት ያቃተውን ማሽን በኔትወርክ የሚጠግን ዘዴም አቀረበ። ሰማያዊውንም ስክሪን የስህተቱን ኮድና የተጠረጠረውን ድራይቨር ስም በግልጽ በሚያሳይ ጥቁር ስክሪን ለመተካት ወሰነ። የግራፊክስን የመሰሉ ድራይቨሮች ግን ፍጥነት ስለሚፈልጉ ለጊዜው ከከርነል አይወጡም፤ በጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚወጣው ስምም እንደ ድሮው ከሚኒደምፖቹ ጋር መመሳከር ይኖርበታል።