«ላገባት እችላለሁ፤ ልወዳት ግን አልችልም»

ዓለም ገና ብቅ ብላችሁ የምታውቁ፣ የጅማና የቡታጅራ መንገድ የሚለያይበትን ቦታ አታጡትም። የተቀጣጠርነው እዚያው አካባቢ ካለች ሻይ ቤት ነው። ባለታሪኬ 27 ዓመቱ ነው። ስሙንም ሥራውንም አልጽፍም፤ ሰፈሩ ትንሽ፣ አፉ ብዙ ነው።

ሻዩን ሳይነካ «ታውቂያለሽ አይደል?» አለኝ። አብሮ አደጌ ነውና አውቅ ነበር። ልቡ ወደ ሴት ሄዶ አያውቅም፤ የሚወደው ወንድ ነው።

ያላደረገው የለም። ጾመ፣ ጸለየ፣ ሁለት ጊዜ ጠበል ገባ። ሰፈር ውስጥ የ«ግብረ ሰዶም» ወሬ ሲነሳ ከሁሉ በላይ ጮኾ የሚሳደበው እሱ ነበር። «ዝም ካልኩ የሚነቁብኝ ይመስለኛል። ማታ ግን የሰደብኩት ራሴን መሆኑ ትዝ ይለኝና እንቅልፍ አጣለሁ» አለኝ። አልዋሻችሁም፣ እሱ ሲሳደብ አብሬ የሳቅሁበት ቀን አለ።

አምና እናቱ ሚስት አገኙለት። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ሽማግሌ የሚላክበት ቀንም ተቆረጠ። እሺ ቢል ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፣ ሐሜቱም ያበቃል። ስንቱ እንዲሁ አግብቶ ይኖር የለ! እሱ ግን ጨነቀው። «እኔስ ለምጄዋለሁ። እሷ ምን አጠፋች? ዕድሜ ልኳን ‹ምን አጉድዬበት ነው?› እያለች ልትኖር ነው?»

አንድ ማታ እናቱ እግር ሥር ቁጭ አለ። «እማዬ፣ ሰው ማታለል አላስተማርሽኝም። እኔ ሴት ማግባት የምችል ሰው አይደለሁም።» እናት ሦስት ቀን አለቀሱ፤ ቃል አልተነፈሱም። በአራተኛው ቀን ከጓዳ ተጣሩ፦ «ና ብላ፣ ወጡ በረደ።» ከዚያ ወዲህ የሠርግ ነገር አልተነሳም።

«ታዲያ ለምን በይፋ አይናገርም?» የምትሉ አትጠፉም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን በእሥራት ይቀጣል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰድን ነው፣ ሕዝቡም ጠቁሙ ብለው ነበር። ያን ሰሞን ልጁ ከቤት አልወጣም። አደባባይ ላይ መጮህ ድፍረት ነው ብዬ አልመክረውም፤ አንገቱ የሱ ነው።

ያሳረፈው ሌላ ነገር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ይህን ከበሽታ ዝርዝሩ ያወጣው በግንቦት 1982 ዓ.ም. መሆኑን አነበበ። «ጠበሉን አማርሬ ነበር፤ ለካ የሚድን በሽታ ኖሮኝ አይደለም!» ብሎ ሳቀ። እንደሱ ያሉት እርስ በርስ «ዜጋ» እንደሚባባሉም ነገረኝ። ቃሉ ደስ አለኝ፤ ዜጋ ማለት አገር ያለው ሰው አይደል?

ወደ አየር ጤና ታክሲ ያዝን። ከፊታችን የተቀመጠው ጎልማሳ ስለ «እነዚያ ሰዎች» የስድብ ቀልድ ጀመረና ተሳፋሪው ሳቀ። ሰውዬው ዞሮ «አይደል እንዴ ወንድሜ?» አለው። የጓደኛዬ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«አይደለም» አለ፤ «እኔ ምንም ያላደረገኝን ሰው አልሰድብም።»

ታክሲው ጸጥ አለ። ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲል የሁለታችንንም ከፈለ።