የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር አማካሪ

በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ በሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን አጥለቅልቆ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በጋውን ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርም ወንዝ ነው፤ ማን ይፈራዋል?

የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር አማካሪ ሥራ የሚጀምረው እንዲህ ላለው አደጋ አስቀድሞ በመጠየቅ ነው። ደጋው ላይ ዝናብ ሲበረታ ማን ለማን ይደውላል? መብራት ቢጠፋ ማስጠንቀቂያው በምን ይሰማል? ወንዙ ዳር ያሉ አዛውንት በየት በኩል ይወጣሉ? አማካሪው ካርታ ይዞ ሰፈሩን በእግሩ ይዞራል፣ ነዋሪውን ይጠይቃል፣ ዕቅዱንም በልምምድ ይፈትሻል። ልምምዱ የሚያጋልጠው ጉድለት አንዳንዴ ያስገርማል፦ መዝገቡ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር ከተቀየረ ቆይቷል!

ወደ ሙያው የሚገቡት ከጂኦግራፊ፣ ከምህንድስና፣ ከጤና፣ ከእሳት አደጋ ሥራም ጭምር ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ያስተምራል።