ወንዱ እስኪገኝ ሃያ ሁለት ዓመት

ሸረሪት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን በቤት ማእዘን የተዘረጋው ድር ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችንም ይህንኑ ሐሳብ ሳያጠናክርብን አልቀረም። ይሁን እንጂ በአየር ላይ ድር የማይዘረጉ፣ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በመሬት ውስጥ የሚያሳልፉ ሸረሪቶችም አሉ። እነዚህን ባለክዳን ሸረሪቶች ብንላቸው ይስማማቸዋል። ጉድጓድ ቆፍረው ግድግዳውን በሐር ይለብጣሉ፤ አፉንም ከአፈርና ከሐር በተሠራ ክዳን ይገጥሙታል። ክዳኑ በአንድ ጎኑ በሐር ስለ ተያያዘ እንደ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሌሊት ነፍሳት በአጠገቡ ሲያልፉ ሸረሪቷ ክዳኑን ብድግ አድርጋ ትነጥቃለች።

የዚህ ዓይነቱን ሸረሪት ዝርያ ለይቶ ማወቅ ከሚታሰበው በላይ አስቸጋሪ ነው። ሁሉም በተመሳሳይ ቤት ስለሚኖሩና ሰውነታቸው ለአንድ ዓይነት ሥራ፣ ማለትም ለቁፋሮና ለድብቅ አደን ስለ ተዘጋጀ በመልክ ይቀራረባሉ። በተለይ ሴቶቹን በዓይን ብቻ መለየት እጅግ ያዳግታል። ወንዱ ግን ምስጢሩን ይዞ ይዞራል። ለአካለ መጠን ሲደርስ ጉድጓዱን ትቶ ሴት ፍለጋ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላም ብዙ አይቆይም። ከፊት እግሮቹ ቀደም ብለው ባሉት ሁለት አጫጭር እጅ መሰል አካላት ጫፍ ላይ የዘር ፈሳሽ ወደ ሴቷ የሚያስተላልፍበት መሣሪያ አለው። የዚህ መሣሪያ ቅርጽ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ መዳቢው አጉሊ መነጽሩን አስቀድሞ የሚያነጣጥረው እዚያ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካዊው የሸረሪት ተመራማሪ ጄሰን ቦንድ በካሊፎርኒያ፣ በሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በሚገኘው የሞስ ላንዲንግ አሸዋማ ጠረፍ አንዲት ሴት ሸረሪት አገኙ። ከሚያውቋቸው ሁሉ የተለየች መሆኗ ታያቸው። ሆኖም ወንዱ አልተገኘምና ፍርድ መስጠት አልቻሉም። ወደ ስፍራው ደጋግመው ተመላለሱ። ወንዶቹ የተገኙት እ.ኤ.አ. በ2019፣ አፋቸው ከመሬት ጋር እኩል ሆኖ በተቀበሩ ማጥመጃ ዕቃዎች ውስጥ ነበር። እዚህ ላይ ትዕግሥቱን ሳናደንቅ ማለፍ አንችልም፤ ሌላ ሰው ቢሆን ሴቲቱን ይዞ በችኮላ ስም ባወጣላት ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ነው። ቦንድና ባልደረቦቻቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የጂን ክፍሎችን ከዘመዶቿ ጋር አነጻጸሩ። ሸረሪቷ ዩክቴኒዚዴ ከተባለው ቤተሰብ መሆኗ ተረጋገጠ፤ ነገር ግን ከታወቁት ጂነሶች በአንዱም የምትመደብ አልሆነችም። (ጂነስ የምንለው ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚሰበሰቡበትን ምድብ ነው።) ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ ጂነስ ተከፈተላትና ክሪፕቶክቴኒዛ ካውታክ ተባለች። «ክሪፕቶ» ስውር ማለት ሲሆን «ካውታክ» ደግሞ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከሙትሱኖች ቋንቋ የተወሰደ፣ የባሕር ዳርቻን የሚያመለክት ቃል ነው።

ስለ ስም ከተነሣ አንድ ነገር እናክል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የጂነሱ ስም በትልቅ ፊደል፣ የዝርያው በትንሽ ይጀምራል፤ የእኛ ፊደል ይህ ልዩነት ስለሌለው አንባቢ የመጀመሪያው ቃል ጂነሱ መሆኑን በቦታው ይወቅ። የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም አጠቃቀም በጠቅላላው የሚቆጠረው ከሊኒየስ የ1758 መጽሐፍ ሲሆን፣ የሸረሪቶች ግን ስዊድናዊው ካርል ክሌርክ በ1757 ካሳተመው ሥራ ይነሣል። ሸረሪቶች አንበሳን በአንድ ዓመት ቀድመዋል ማለት ነው!

ስም የሌለው ፍጡር በጥበቃ መዝገብ ላይ በዝርያነት ለመስፈር ይቸገራል። ክሪፕቶክቴኒዛ ካውታክ በተገለጠችበት ጊዜ የታወቀችው ከዚያ ከአንድ ስፍራ ብቻ ነበር። የቅርብ ዘመዷ የሆነው ኒዮአፓቼላ የተባለው ጂነስ የሚገኘው ከባሕሩ እጅግ ርቆ በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ ነው። የባለክዳን ሸረሪት ግልገሎች በአብዛኛው ከእናታቸው ጉድጓድ ብዙ አይርቁምና ይህን የሚያህል ርቀት በአንድ ትውልድ የሚሻገር የለም። በመካከል የነበሩት ዘመዶች ጠፍተው እነዚህ ከሁለት ዳር እንደ ቀሩ ይገመታል። ተመራማሪዎቹም በጥናታቸው ርእስ ላይ ሸረሪቷን ለመጥፋት የተቃረበች «ሕያው ቅሪተ አካል» ብለዋታል። ያ አሸዋማ ጠረፍ በግንባታ ወይም በባሕሩ ከፍታ መጨመር ቢጠፋ ዝርያዋ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ከእርሷ ሌላ የታወቀ ዝርያ የሌለበት ጂነስ አብሮ ይጠፋል።