ከማን ጋር ተነጻጽረው?

በአንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ደጃፍ፣ ወንድማቸውን ይዘው ተራ ከሚጠብቁ ሴት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር። የወንድማቸው ካርድ ከመታጠፍ ብዛት መሃሉ ተቀዶ በፕላስተር ተያይዟል። ጋዋን የለበሰች መረጃ ሰብሳቢ መጣችና «እትዬ፣ እርስዎ ጤነኛ ስለሆኑ ለጥናታችን ማነጻጸሪያ ይሆኑናል፤ ጥቂት ጥያቄ ብቻ ነው» አለቻቸው። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩዋት። «ልጄ፣ እሱን ስጠብቅ ሌሊቱ ይነጋል። እንቅልፍ ካጣሁ ስንት ዘመኔ! እኔን ጤነኛ ነሽ ያለኝ ማን ነው?»

ልጅቷ መልስ አልነበራትም። ጥያቄው ግን ስለ አእምሮ ሕመም በሚደረግ ምርምር ውስጥ ትልቁ ጥያቄ ነው። «የታማሚው አንጎል እንዲህ ነው፣ ደሙ እንዲያ ነው» ሲባል፣ ከማን ጋር ተነጻጽሮ ነው?

በዚህ ነገር የተሳሳቱት ትንንሽ ሰዎች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1957 ስዊድናዊው ስቲግ ኦከርፌልት ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ደም ከሌላው ሰው ደም ይለያል የተባለ ምርመራ ይዞ ብቅ አለ። ልዩነቱን ያመጣው ግን በአብዛኛው በሆስፒታል ምግብ ውስጥ የቫይታሚን ሲ ማነስ ነበር። ሌሎች ደግሞ በታማሚዎች ሽንት ውስጥ የተለዩ አሲዶች አገኘን አሉ፤ ሲጣራ ምንጩ ቡና ሆነ። ታማሚዎቹ ቡና ይጠጡ ነበር፣ ልዩነቱም የተከተለው የጠጡትን መጠን ነው። አሜሪካዊው ሲሞር ኬቲ እ.ኤ.አ. በ1959 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ እነዚህን ጥናቶች አንድ በአንድ መረመራቸው። ጥያቄው ይህ ነበር፦ ለዓመታት በአንድ ግቢ ተዘግቶ፣ አንድ ዓይነት ምግብ እየበላ የኖረን ሰው ከውጭ ከመጣ ሰው ጋር ስናነጻጽር፣ የምንለካው ሕመሙን ይሁን ኑሮውን በምን እናውቃለን? ያን ጽሑፍ ዛሬም ቢሆን የመስኩ ተማሪ ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ማስጠንቀቂያው ግን ብዙም አልሰራም። እ.ኤ.አ. በ1962 ከ19 የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች በ15ቱ ሽንት ውስጥ «ሮዝ ነጠብጣብ» ታየ፤ ከ14ቱ ማነጻጸሪያዎች በአንዱም አልታየም። ዓለም ጉድ አለ። ኋላ ግን ነጠብጣቡ ሕመም በሌለባቸውም ሰዎች ዘንድ ተገኘ፤ ጥርጣሬውም ወደ ምግብና ወደ መድኃኒት ዞረ።

የመድኃኒቱ ነገር እስካሁን አልተቋጨም። እ.ኤ.አ. በ1976 ኢቭ ጆንስቶንና ባልደረቦቿ እንግሊዝ ውስጥ የ17 ታማሚዎችን አንጎል ከ8 ሰዎች ጋር በሲቲ ስካን አነጻጽረው፣ በታማሚዎቹ አንጎል ውስጥ ያሉት ፈሳሽ የያዙ ክፍተቶች ሰፍተው አገኙ። ግኝቱ በሌሎችም ጥናቶች ተደግሟል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት ጤነኛ ጦጣዎች ከ17 እስከ 27 ወር ሃሎፔሪዶል ወይም ኦላንዛፒን የተባለ የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት ሲሰጣቸው የአንጎላቸው ክብደት ከ8 እስከ 11 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ይህን አንብቦ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው እንዳይኖር አደራ እላለሁ፤ ማቋረጥ የሚያመጣው መዘዝ ከባድ ነው። ነጥቡ፣ ስካኑ ላይ ከሚታየው የትኛው የሕመሙ፣ የትኛው የሕክምናው መሆኑን መለየት ከባድ መሆኑ ነው።

አገራችን በዚህ ረገድ የምትኮራበት ሥራ አላት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በቡታጅራ፣ ተመራማሪዎች ታማሚ ሆስፒታል እስኪመጣ አልጠበቁም። ቤት ለቤት ዞረው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን 68,378 ሰዎች መረመሩ። የስኪዞፍሬኒያ ታማሚ ሆነው ከተገኙት አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም ነበር። ሆስፒታል ላይ ብቻ የቆመ ጥናት እነዚህን ሰዎች በምን ያገኛቸዋል?

አሁን ደግሞ ዘረመል መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው ትልቁ የስኪዞፍሬኒያ ጥናት 76,755 ታማሚዎችንና 243,649 ማነጻጸሪያዎችን ይዟል፤ አብዛኞቹ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። ኒውሮጋፕ ሳይኮሲስ የተባለው ጥናት ይህን ክፍተት ለመሙላት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ከ17,000 ታማሚዎችና ከያንኑ ያህል ማነጻጸሪያዎች ምራቅ ለመሰብሰብ አቅዶ ተነሳ። ሥራው ተገቢ ነው። የኬቲ ጥያቄ ግን እዚህም አብሮ ይሄዳል፦ ጫቱ፣ ድህነቱ፣ የሆስፒታሉ ርቀት በሁለቱም ወገን እኩል ተመዝኗል ወይ?

ከማነጻጸሪያው ሌላ የውጤቱም ጉዳይ አለ። ለጥናቶች ፈቃድ በሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ኃላፊን፣ ውጤቱ ለተሳታፊዎቹ ተመልሶ ይነገራል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «በደብዳቤ አቅርቢ» አሉኝ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ የለም። አግዳሚው ላይ ያገኘኋቸው ሴት ግን ሳልጠይቃቸው ተናግረዋል፦ «ስንቱ መጥቶ ጠይቆን ሄደ። ጽፈው ይሄዳሉ፤ የጻፉትን የነገረን የለም። እሱ ታሞ፣ እኔ ደክሜ፣ ወረቀቱ ብቻ ይወፍራል።»

ነገሩ የወረቀት ብቻ አይደለም። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው 919 ሰዎች ላይ ለ10 ዓመት ክትትል ሲደረግ 121ዱ ሞተዋል፤ የሞት መጠናቸው ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድመው ነው የሞቱት፤ ግማሽ ያህሉ በተላላፊ በሽታ። የጥናት ፈቃድ የምትሰጡ ሁሉ፣ ማነጻጸሪያው ከታማሚው ቀበሌና ከታማሚው ኑሮ እንዲመረጥ፣ የተገኘውም ውጤት ለቤተሰቡ እንዲነገር ግዴታ አድርጉት።